ዲፌንስትሬሽን የሚለውን ቃል እንዴት ፈታተን እንረዳው?

ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ሲያጋጥማችሁ ቶሎ ዲክሽነሪ አትክፈቱ፣ መጀመሪያ ቆራርጡት። ዲፌንስትሬሽንን እንይ፣ በጣም የምወደው ቃል ነው። ከፊት ያለው "ዲ" በላቲን "ከ…" ወይም "ከ… ወደ ታች" ማለት ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለው "ሽን" ደግሞ ድርጊትን ስም ያደርጋል፣ ሁለቱን ስታነሱ መሀል ላይ "ፌኔስትራ" ይቀራል፣ መስኮት ማለት ነው። ጣልያንኛ ከሞካከራችሁ ፊኔስትራ፣ ጀርመንኛ ከሆነም ፌንስተር ብላችሁ ታውቁታላችሁ እኮ! ስትገጣጥሙት በቃ ሰውን ወይ ዕቃን በመስኮት መወርወር ነው።

ቀጥሎ ለዚህ ነገር ቃል ለምን አስፈለገ ብላችሁ ታሪኩን ፈልጉ፣ እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ነገሩ ፕራግ ነው የሚወስዳችሁ፣ የዛሬዋ የቼክ ዋና ከተማ። እ.ኤ.አ. በ1618 የተቆጡ ፕሮቴስታንት መኳንንት ሁለት ካቶሊክ ሹማምንትንና አንድ ጸሐፊ ከቤተመንግሥቱ መስኮት ወረወሯቸው፣ ሦስቱም ግን ተረፉ፣ ካቶሊኮቹ ማርያም ናት ያዳነቻቸው ሲሉ ሌሎቹ ደግሞ የወደቁት ቆሻሻ ክምር ላይ ስለሆነ ነው አሉ። ከዛ የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት የሚባለው የአውሮፓ ጦርነት ተነሳ። እዛው ከተማ በ1419ም ተመሳሳይ ነገር ተደርጓል፣ የዛኔ የተወረወሩት ግን ሞተዋል።

በመጨረሻ ዛሬ እንዴት እንደሚጠቀሙበት እዩ፣ አንድን ባለሥልጣን በድንገት ከወንበሩ ማባረርም በዚሁ ቃል ይጠራል። "ዲ"ን ስታወልቁት ደግሞ ፌኔስትሬሽን ይሆናል፣ አርክቴክቶች የሕንጻን መስኮቶች አደራደር የሚጠሩበት ቃል ነው።