ረጅም የኤክሴል ሺት ላይ ሳይጠፋባችሁ ለመሥራት

ሁለት ሺህ ረድፍ ያለው ሺት ከፍታችሁ ማውሱን እያሽከረከራችሁ ወደ ታች ትወርዳላችሁ። ረድፍ 800 አካባቢ 4500 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ዋጋ ነው? ብዛት ነው? የተከፈለ ነው ወይስ የቀረ? ለማወቅ እስከ ላይ ተመልሳችሁ የዓምዱን ርዕስ ማየት አለባችሁ፣ ስትመለሱ ደግሞ የቱ ጋ እንደነበራችሁ ጠፍቷችኋል። ከ2007ቱ ስሪት ወዲህ አንድ የኤክሴል ሺት 1,048,576 ረድፍ ይይዛል። እኛን ለማድከም ግን የዚያ ጥቂቱ በቂ ነው።

ይሄ ሁሉ ይስተካከላል፣ ብዙ ጊዜም አይፈጅም። ቅደም ተከተሉን ግን አትዝለሉ። መጀመሪያ ርዕሱ ከዓይን እንዳይጠፋ ማድረግ፣ ቀጥሎ ዳታውን ማጽዳት፣ ከዚያ ነው ወደ ኪቦርድ አቋራጮቹ የሚኬደው። ብዙ ሰው አቋራጭ ከመሸምደድ ይጀምርና ዳታው ስላልጸዳ አልሠራ ሲለው ይተወዋል።

ርዕሱን እሰሩት

«ቪው» የሚለውን ታብ ክፈቱና «ፍሪዝ ፔንስ»ን ተጫኑ። ሦስት ምርጫ ይመጣላችኋል። «ፍሪዝ ቶፕ ሮው» የላይኛውን ረድፍ ብቻ ያስራል፣ «ፍሪዝ ፈርስት ኮለም» ደግሞ የመጀመሪያውን ዓምድ ብቻ። ሁለቱንም ባንዴ ከፈለጋችሁ የሚያዋጣችሁ ሦስተኛው፣ ራሱ «ፍሪዝ ፔንስ» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ወሳኙ ነገር ከመጫናችሁ በፊት የቆማችሁበት ሴል፣ ማለትም ረድፍና ዓምድ የሚገናኙበት ሳጥን ነው። ኤክሴል ከዚያ ሴል በላይ ያለውንና ከዚያ ሴል በስተግራ ያለውን ያስራል። ስለዚህ ርዕሱ ረድፍ 1 ላይ ከሆነና ስሞቹ ዓምድ ኤ ላይ ካሉ፣ ቢ2 ላይ ቁሙና እሰሩ። ከላይ የመሥሪያ ቤት ስምና ቀን ተጽፎ ርዕሱ ወደ ረድፍ 4 ወርዶ ከሆነ ደግሞ ቢ5 ላይ ቁሙ።

ከማሰራችሁ በፊት እስከ ላይ መውጣታችሁን አረጋግጡ። ረድፍ 1 እና 2 ከስክሪኑ ወጥተው እያለ ካሰራችሁ፣ እነዚያ ረድፎች ከላይ ተደብቀው ይቀራሉ፣ ስክሮል ብታደርጉም አይመጡም። መፍትሔው ማሰሪያውን በ«አንፍሪዝ ፔንስ» ፈትቶ ወደ ላይ ወጥቶ እንደገና ማሰር ነው። ደግሞ ብዙ ረድፍ አትሰሩ። ትንሽ ላፕቶፕ ላይ ስምንት ረድፍ ከታሰረ ለዳታው የሚተርፈው ቦታ ምንም አይደለም።

ጎግል ሺትስ ላይም «ቪው» ውስጥ «ፍሪዝ» አለ፣ ስንት ረድፍ ወይም ስንት ዓምድ እንደሚታሰር ትመርጣላችሁ። ከዚያም የቀለለው ግን ከላይ በስተግራ ጥግ ላይ ያለውን ወፈር ያለ ግራጫ መስመር በማውስ ይዞ እስከምትፈልጉት ቦታ መጎተት ነው።

ኤክሴል ላይ ሌላም መንገድ አለ፣ እኔ ከማሰሩ ይልቅ የምወደው እሱን ነው። ዳታው ውስጥ የትኛውም ሴል ላይ ቁሙ፣ ኮንትሮልን ይዛችሁ ቲን ተጫኑ። የምትመጣው ትንሽ ሳጥን ዳታው ርዕስ አለው ወይ ብላ ትጠይቃለች፣ ምልክት አድርጋችሁ እሺ በሏት። ዳታው አሁን ቴብል ሆነ። ወደ ታች ስትወርዱ ከላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚሉት የዓምድ ፊደላት ቦታ ላይ የራሳችሁ ርዕሶች ይገባሉ፣ ጠቋሚው ቴብሉ ውስጥ እስካለ ድረስ። ረድፎቹ ቀለማቸው ፈራረቅ ስለሚል ዓይን መስመር አይስትም። ከሥር አዲስ ረድፍ ስትጽፉም ቴብሉ ራሱ ይሰፋል፣ የፈለጋችሁትን ረድፍ ብቻ ለይተው የሚያሳዩት የፊልተር ቀስቶችም አብረው ይመጣሉ።

ባዶ ረድፍና የተዋሐደ ሴል

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ሺት አስቸጋሪ የሚሆነው ከርዝመቱ ይልቅ በእነዚህ በሁለቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዕቃ መዝገብ ውሰዱ። የያዘው ሰው እንዲያምር ብሎ በየወሩ መጨረሻ አንድ ባዶ ረድፍ ትቷል፣ ከዚያ የወሩን ስም ስድስት ሴል አዋሕዶ መሀል ላይ በደማቁ ጽፏል። ሲታይ ያምራል። ግን ኮንትሮልን ይዛችሁ የታች ቀስቱን ስትጫኑ ዳታው መጨረሻ መድረስ ሲገባችሁ የመጀመሪያው ወር መጨረሻ ላይ ትቆማላችሁ። ፊልተር ስታደርጉ ኤክሴል እስከ መጀመሪያው ባዶ ረድፍ ያለውን ብቻ ይወስድና የተቀሩት ወሮች ከፊልተሩ ውጭ ይቀራሉ። አስከፊው ነገር ምንም ማስጠንቀቂያ አለመኖሩ ነው። ድምር ሠርታችሁ፣ ሪፖርት ልካችሁ፣ የጎደለውን የሚያየው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው «ወር» የሚል አንድ ዓምድ መጨመርና እያንዳንዱ ረድፍ ላይ ወሩን መጻፍ ነው። ድግግሞሽ ይመስላል፣ ግን አሁን በወር መለየት፣ መደርደር፣ መደመር ትችላላችሁ። ወሮቹ ተለይተው እንዲታዩ ከፈለጋችሁ በየወሩ የመጀመሪያ ረድፍ ላይ ወፍራም መስመር አስምሩ። ርዕስ ብዙ ዓምድ ላይ መሀል እንዲሆን ብቻ ሴል ማዋሐድም አያስፈልግም። ሴሎቹን ምረጡ፣ ኮንትሮልና 1ን ተጫኑ፣ «አላይንመንት» ውስጥ «ሴንተር አክሮስ ሰሌክሽን» የሚለውን ምረጡ። እይታው ያው ነው፣ ሴሎቹ ግን እንደተለያዩ ይቆያሉ።

ቀድሞ የተጠራቀሙ ባዶ ረድፎችን አንድ በአንድ አትልቀሙ። መጀመሪያ የፋይሉን ኮፒ አስቀምጡ። ከዚያ መቼም ባዶ መሆን የማይገባውን ዓምድ፣ ለምሳሌ የመለያ ቁጥሩን፣ ምረጡ። ኤፍ5ን ተጫኑ፣ «ስፔሻል»፣ ቀጥሎ «ብላንክስ»። ባዶዎቹ ብቻ ይመረጣሉ። ኮንትሮልና የመቀነስ ምልክቱን ተጫኑና «ኢንታየር ሮው» በሉ። ሙሉውን ሺት መርጣችሁ ግን ይህን አታድርጉ፣ ምክንያቱም ስልክ ቁጥር ብቻ ያልተሞላለት ሰው ረድፉ ሙሉ በሙሉ ይሰረዛል።

ማውሱን ትታችሁ ዝለሉ

ዳታው ከጸዳ በኋላ ኮንትሮልና ቀስት የምር ይሠራሉ። ወደ ታች የመጨረሻው ረድፍ፣ ወደ ቀኝ የመጨረሻው ዓምድ። ሺፍት ስትጨምሩበት እየመረጠ ይሄዳል። ኮንትሮልና ሆም ወደ መጀመሪያው ይመልሳችኋል፣ ርዕሱን ካሰራችሁ ደግሞ ካልታሰረው የመጀመሪያው ሴል ላይ ያቆማችኋል። ስክሮል ስታደርጉ የቆማችሁበት ሴል ከዓይን ከጠፋ ኮንትሮልና ባክስፔስ ወደ እሱ ይመልሳችኋል። ይቺን የሚያውቃት ሰው ጥቂት ነው፣ እኔ ግን በየቀኑ ነው የምጠቀምባት።

ኮንትሮልና ኤንድ ጥቅም ላይ ወደዋለው የመጨረሻ ሴል ይወስዳል። ዳታችሁ ረድፍ 900 ላይ አልቆ እናንተን ረድፍ 40,000 ላይ ከጣላችሁ፣ ታች የሆነ ቦታ የተረሳ ቀለም ወይም ፎርማት አለ ማለት ነው። ከዳታው በታች ያሉትን ረድፎች መርጣችሁ ሰርዙና ሴቭ አድርጉ። በጎን ያለው የስክሮል አሞሌ በትንሹ ሲነካ መቶዎችን ረድፍ የሚዘልባችሁም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው።

የቀስት ቁልፍ ስትጫኑ ሴል ከመቀየር ይልቅ ሺቱ ራሱ የሚንሸራተት ከሆነ ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። ስክሮል ሎክ በርቶ ነው፣ አጥፉት።

የምትሄዱበትን ካወቃችሁ ከፎርሙላ መስመሩ በስተግራ ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ የሴሉን አድራሻ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። ያቺው ሳጥን ስም ለመስጠትም ታገለግላለች። የምትመላለሱበትን ቦታ ምረጡ፣ ሳጥኗ ውስጥ ስም ጻፉለት፣ ኢንተር። ስሙ መሀል ክፍት ቦታ አይገባም፣ በሰረዝ አያይዙት፣ እሱም ከታች የምትሰመረዋ ሰረዝ ናት። ከዚያ በኋላ ከየትኛውም ሺት ሆናችሁ ከሳጥኗ ስሙን መምረጥ ብቻ ነው። ቃል ስትፈልጉም በኮንትሮልና ኤፍ አንድ በአንድ ከመሄድ «ፋይንድ ኦል» በሉ፣ ሁሉንም ውጤት ዘርዝሮ ያመጣላችኋል፣ የነካችሁት ላይ ይወስዳችኋል።

ሺቶቹ ራሳቸው ከበዙ በኮንትሮልና ፔጅ ዳውን ወደሚቀጥለው፣ በፔጅ አፕ ወደ ኋላ። ከታች በስተግራ ጥግ ባሉት ትንንሽ ቀስቶች ላይ ራይት ክሊክ ብታደርጉ የሺቶቹ ዝርዝር ይመጣል። ከሃያ በላይ ከሆኑ ግን መጀመሪያ ላይ ማውጫ የሚሆን ሺት ብትሠሩ ይሻላል። የሺቶቹን ስም ደርድሩ፣ እያንዳንዱ ላይ ኮንትሮልና ኬን ተጫኑ፣ «ፕሌስ ኢን ዚስ ዶክዩመንት» ብላችሁ ሺቱን ምረጡ።

አትደብቁ፣ ሰብስቡ

ለጊዜው የማትፈልጉትን ዓምድ «ሃይድ» ማድረግ ይቀላል፣ ፋይሉን የሚረከባችሁ ሰው ግን ላያስተውለው ይችላል። ፊደላቱ ከሲ ወደ ጂ መዝለላቸውን ካላየ በቀር የሚያውቅበት ነገር የለም። ስለዚህ ዓምዶቹን ምረጡና ሺፍትና ኦልትን ይዛችሁ የቀኝ ቀስቱን ተጫኑ። ይሄ ግሩፕ ይባላል። ከላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ይመጣል፣ ሲፈለግ ይከፈታል፣ ሲበቃ ይሰበሰባል፣ ለሁሉም ሰው ፊት ለፊት ይታያል።

የሺቱን ጫፍና ጫፍ ማወዳደር ሲያስፈልግ «ቪው» ውስጥ «ኒው ዊንዶው» አለ። ያው ፋይል በሁለት መስኮት ይከፈታል፣ አንዱ ላይ የጻፋችሁት ሌላው ላይም ወዲያው ይታያል።

ብዙ ሰው አብሮ የሚሠራበት የጎግል ሺትስ ፋይል ከሆነ ደግሞ ተራውን ፊልተር ትታችሁ «ፊልተር ቪው» ተጠቀሙ። ተራውን ስታደርጉ የሁሉም ሰው ስክሪን ላይ ረድፎቹ ይሰወራሉ፣ መሀል ሥራ ላይ ያለ ሰው ዳታው የተሰረዘ ሊመስለው ይችላል። ፊልተር ቪው ግን የእናንተን እይታ ብቻ ነው የሚለውጠው። አዲሱ ኤክሴልም ለዚሁ ሥራ «ሺት ቪው» የሚባል አለው።

ፋይሉ የሚታተም ከሆነ አንድ ነገር ይቀራል። ፍሪዝ ወረቀት ላይ አይሠራም። «ፔጅ ሌይአውት» ውስጥ «ፕሪንት ታይትልስ»ን ክፈቱ፣ «ሮውስ ቱ ሪፒት አት ቶፕ» በሚለው ቦታ ላይ የርዕሱን ረድፍ ምረጡ። ርዕሱ በየገጹ አናት ላይ ይወጣል።