የእንግሊዝኛ ፍሬዛል ቨርብን (ከተከታይ ቃል ጋር ተጣምሮ ሌላ ትርጉም የሚይዝ ግሥን) ከመስተዋድድ ጋር እንዴት እናጣምራለን?

«ስኳር አለቀብን» የሚለውን በአማርኛ አስበን ወደ እንግሊዝኛ ስናመጣው «ሹገር ራን አውት ፍሮም አስ» ይሆንብናል። ትክክለኛው «ዊ ራን አውት ኦቭ ሹገር» ነው። በአማርኛው ባለቤቱ ስኳሩ ነው፤ እኛ «ብን» ውስጥ ገብተናል። በእንግሊዝኛው ባለቤቶቹ እኛ ነን፣ ያለቀው ነገር ከ«ኦቭ» በኋላ ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ወስኑ።

ቀጥሎ ቁራጮቹን ለዩ፦ ግሡ «ራን»፣ ትርጉሙን የሚለውጠው ተከታይ ቃል «አውት»፣ ስሙን የሚያስገባው መስተዋድድ «ኦቭ»። «ራን» ብቻውን «ሮጠ» ነው፤ እዚህ ግን ሩጫ የለም። እኛም «ብድግ አለ»፣ «ቁጭ አለ» ስንል ትርጉሙን የተሸከመው «አለ» አይደለም። ሲጠና ሙሉው አብሮ ይጠና። ስሙ ሲቀር መስተዋድዱም አብሮት ይቀራል፦ «ዊ ራን አውት» ብሎ ማቆም ይቻላል። በጥያቄ ግን ይቆያል፦ «ዋት ዲድ ዩ ረን አውት ኦቭ?»፤ ምክንያቱም ተሳቢው «ዋት» ሆኖ ወደ ፊት ሄዷል እንጂ አልጠፋም።

ብዙ ስህተት የሚፈጠረው «እሱን»፣ «እሷን» የሚሉት ተውላጠ ስሞች የት እንደሚገቡ ሲጠፋን ነው። «ከኤርፖርት ተቀበለው» ለማለት ቅደም ተከተሉ ግሥ፣ ተውላጠ ስም፣ ተከታይ ቃል፣ ከዚያ መስተዋድድ ነው፦ «ፒክ ሂም አፕ ፍሮም ዚ ኤርፖርት»። «ፒክ አፕ ሂም» አይባልም። «መታገሥ» ለሚለው «ፑት አፕ ዊዝ» ግን መሐሉ አይከፈትም፤ «ፑት አፕ ዊዝ ኢት» ብቻ ነው። እንዴት ይለያሉ? መስተዋድዱንና ከእሱ በኋላ ያለውን ቁረጡት። «ፒክ ሂም አፕ» ብንል ትርጉሙ ያው መቀበል ነው፤ ቦታው ብቻ ጎደለ። «ፑት አፕ» ብንል ግን መታገሥ የሚለው ትርጉም ራሱ ይጠፋል። ትርጉሙ ከጠፋ ሦስቱን አትነጣጥሉ።

መስተዋድዱን በግምት መቀየር አደገኛ ነው። «አይል ጌት ባክ ቱ ዩ» ማለት «መልሱን እነግርሃለሁ» ነው፤ ለሥራ ኢሜይል በጣም ይጠቅማል። «ቱ» በ«አት» ከተተካ «እበቀልሃለሁ» ይሆናል! «ጌት ባክ ፍሮም ዎርክ» ደግሞ በቀላሉ ከሥራ መመለስ ነው። እንዲሁም «ካች አፕ ዊዝ» ቀድሞ የሄደን ሰው መድረስ፣ «ካች አፕ ኦን» የተጠራቀመ ሥራን ወይም ያመለጠ እንቅልፍን ማካካስ ነው።

ከመስተዋድዱ በኋላ ግሥ ከመጣ «ኢንግ» ይጨመርበታል። «ላገኝህ እጓጓለሁ» ሲባል «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሲዪንግ ዩ» እንጂ «ቱ ሲ ዩ» አይደለም። እዚህ ያለው «ቱ» መስተዋድድ መሆኑን ለማረጋገጥ በግሡ ቦታ «ኢት» አስገቡ። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ኢት» ይሄዳል፤ «ዎንት ቱ ኢት» ግን አይሄድም፣ ስለዚህ ከ«ዎንት ቱ» በኋላ «ኢንግ» የለም።

ጮክ ብላችሁ ስትለማመዱ ጉልበቱን ተከታዩ ቃል ላይ አድርጉ፦ በ«ፑት አፕ ዊዝ ኢት» ጠንክሮ የሚሰማው «አፕ» ነው፣ «ዊዝ» ቀለል ብሎ ያልፋል።