በእጅ በሚዞር መናጫ አይስክሬም እንዴት ይሠራል?

በእጅ የሚዞር የአይስክሬም መናጫ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ቅዝቃዜውን ሁሉ የሚያገኘው ከበረዶና ከተራ ጨው ነው። በመሆኑም በዚህ መሣሪያ የተሠራ አይስክሬም ሳያምር ሲቀር ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በወተቱ ወይም በስኳሩ ልክ ላይ ሳይሆን፣ ጣሳውን ከውጭ በከበበው በረዶና ጨው አያያዝ ላይ ነው። ስለ ክሬሙና ስለ ቫኒላው ብዙ ተብሎ ስለ ባልዲው በሁለት መስመር ማለፍ የተለመደ ቢሆንም፣ እኔ እዚህ ሚዛኑን ወደ ባልዲው አደላዋለሁ።

መሣሪያው

አሜሪካዊቷ ናንሲ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1843 የፈጠራ መብት ያስመዘገበችበት መናጫ መሠረታዊ አሠራር እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም። ከውጭ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ባልዲ አለ፤ በባልዲው መካከል ክዳን ያለው ረዘም ያለ የብረት ጣሳ ይቆማል፤ በጣሳው ውስጥ ደግሞ የጣሳውን ግድግዳ እየታከከ የሚፍቅ መቅዘፊያ ይገባል። ከላይ የሚገጠመው ማርሽ እጀታው ሲዞር ጣሳውን ወይም መቅዘፊያውን፣ በአንዳንዶቹ መሣሪያዎች ደግሞ ሁለቱንም በተቃራኒ አቅጣጫ ያዞራል። በባልዲው ጎን ወደ ላይኛው ጠርዝ ቀረብ ብላ የተበሳች አንዲት ቀዳዳ ትገኛለች፤ የዚህች ቀዳዳ ሥራ ኋላ ይመጣል።

ባልዲው የእንጨት ከሆነና ለረጅም ጊዜ ሳይሠራበት ከቆየ፣ ጣውላዎቹ ደርቀው ስለሚላቀቁ ውኃ ማፍሰሱ አይቀርም። ስለዚህ ከሥራው በፊት ለጥቂት ሰዓታት፣ ቢቻል አንድ ሌሊት፣ ውኃ ሞልተው ያቆዩት፤ እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ክፍተቶቹ ራሳቸው ይደፈናሉ። ጣሳውን፣ ክዳኑንና መቅዘፊያውን አጥበው ካደረቁ በኋላም ባዶውን መሣሪያ ገጣጥመው ጥቂት ጊዜ ያዙሩት። የማይገጥም ማርሽ በረዶው ከተሞላ በኋላ ከሚታወቅ አስቀድሞ ቢታወቅ ይሻላል።

ጨው ለምን ያስፈልጋል?

ብዙ ሰው ጨው በረዶውን ይበልጥ የሚያቀዘቅዘው እንዳይቀልጥ በማድረግ ይመስለዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ጨው በረዶውን ያቀልጠዋል፣ እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው። አንድ ኪሎ ግራም በረዶ ሲቀልጥ 334 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ከአካባቢው ይወስዳል፤ ከአካባቢው ማለት እዚህ ላይ ከጣሳው ውስጥ ካለው ወተት ማለት ነው። ጨው የሌለበት በረዶም ይቀልጣል፤ ነገር ግን መቅለጫው 0 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በመሆኑ ጣሳውን ከዚያ በታች ሊያወርደው አይችልም። በውስጡ ስኳር የሟሟበት ወተት ደግሞ በረዶ መሥራት የሚጀምረው ከ0 ዲግሪ ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ነው። በጨው አልባ በረዶ ቀኑን ሙሉ ቢናጥ የሚገኘው እንግዲህ በጣም የቀዘቀዘ ወተት ብቻ ነው።

ጨው ሲጨመርበት የበረዶው መቅለጫ ዝቅ ይላል፤ በረዶውም እየቀለጠ የጨው ውኃውን ከ0 በታች ይወስደዋል። በምግብ ጨው ሊደረስበት የሚችለው የመጨረሻው ቅዝቃዜ ከ0 በታች 21 ዲግሪ ገደማ ነው። በባልዲ ውስጥ እዚያ ድረስ መድረስ አይቻልም፣ ለመናጥም አያስፈልግም። ጨው ከበዛ ግድግዳውን የነካው ፈሳሽ ቶሎ ይጠጥርና መቅዘፊያውን ይይዘዋል፤ መካከሉ ግን ገና ፈሳሽ ነው። ካነሰ ደግሞ ሥራው ይንቀራፈፋል፤ የበረዶው ቅንጣቶች ለማደግ ጊዜ ስለሚያገኙም አይስክሬሙ ምላስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል። ለመናጥ ለ6 እጅ በረዶ 1 እጅ ጨው በክብደት መያዝ ጥሩ መነሻ ነው።

ፈሳሹን ማዘጋጀት

ሁለት ሊትር ለሚይዝ ጣሳ ግማሽ ሊትር ያልተገፈፈ ወተት፣ ግማሽ ሊትር ወፍራም የወተት ክሬም፣ 200 ግራም ስኳር፣ የ6 እንቁላል አስኳል፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቫኒላና ቁንጥር ጨው ይበቃል። አስኳሉን ከስኳሩ ጋር ቀለሙ ፈዘዝ እስኪል ድረስ ይምቱት። ወተቱን ለብቻው ያሙቁትና ዳር ዳሩ ላይ ትንንሽ አረፋ ሲታይ፣ ሳይፈላ፣ ከእሳት ያውርዱት። ከዚያ ትኩሱን ወተት በጭልፋ በትንሽ በትንሹ ወደ አስኳሉ እያፈሰሱ ሳያቋርጡ ያማስሉ፤ በአንድ ጊዜ ከተገለበጠ አስኳሉ እዚያው ይበስላል።

ድብልቁን ወደ ድስቱ መልሰው በዝግተኛ እሳት ላይ የድስቱን ግርጌ በእንጨት ማንኪያ እየጠረጉ ያማስሉት። ቴርሞሜትር ያለው ሰው ከ77 እስከ 82 ዲግሪ ድረስ ይጠብቅ። የሌለው ማንኪያውን ያውጣና ጀርባውን በጣቱ መስመር ያስምርበት፤ የመስመሩ ጠርዞች ሳይፈሱ ባሉበት ከቆሙ ደርሷል። ከዚህ ካለፈ እንቁላሉ ይቋጠራል። ጥቂት ከተቋጠረ በወንፊት ይወጣል፤ ብዙ ከተቋጠረ ግን እንደገና መጀመር እንጂ ሌላ መላ የለውም። የደረሰውን ወዲያውኑ በወንፊት አጥልለው ከቀዝቃዛው ክሬም ጋር ያዋህዱት፤ ቫኒላውንና ቁንጥር ጨዉን ጨምረው ዕቃውን በረዶ በገባበት ውኃ ውስጥ ያስቀምጡት። ሲቀምሱት ከሚገባው በላይ የጣፈጠ ቢመስልዎ ስኳሩ በዛ ብለው አይደንግጡ፤ ቅዝቃዜ የምላስን ጣዕም የመለየት ችሎታ ስለሚያደነዝዝ ሲጠጥር ልኩ ይሆናል።

ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ ለ4 ሰዓት፣ ይልቁንም እስከ ማግሥቱ፣ ይቆይ። ይህ እርምጃ በችኮላ የሚዘለል ነው፤ ሲዘለል ግን ዋጋ ያስከፍላል። ለብ ያለ ፈሳሽ ባልዲ ውስጥ ሲገባ በረዶው አቅሙን የሚጨርሰው እሱን በማቀዝቀዝ ብቻ ነው፤ በፍሪጅ ያደረ ፈሳሽ ግን ስቡ ጠጠር ስለሚል አየርን የተሻለ ይይዛል። እንቁላል የማይፈልግ ሰው ስኳሩን በሞቀ ወተት አሟሙቶ ከክሬሙና ከቫኒላው ጋር ቢያቀላቅል ይበቃዋል፤ ውጤቱ ቶሎ የሚቀልጥና ቀለል ያለ ይሆናል።

በረዶውን መደርደር

ስድስት ኪሎ ያህል በረዶ በወፍራም ከረጢት ጠቅልለው በመዶሻ ይስበሩት። እያንዳንዱ ስባሪ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያክል ቢሆን ይመረጣል፤ ትልልቁ በመካከሉ ክፍተት ትቶ ጣሳውን አይነካውም፣ የደቀቀው ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ጨዉ ሻካራ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የላመው በስባሪዎቹ መካከል ሾልኮ ወደ ባልዲው ግርጌ ይወርዳል።

ቀዝቃዛውን ፈሳሽ ወደ ጣሳው ሲያፈስሱ ከሁለት ሦስተኛው አያሳልፉ፤ አየር እየገባበት ስለሚኮፍ ቦታ ያስፈልገዋል። መቅዘፊያውን አስገብተው፣ ክዳኑን ከድነው፣ ጣሳውን በባልዲው ግርጌ ባለው መቆሚያ ላይ አስተካክለው ያቁሙ፤ እጀታውንም ይግጠሙ። በረዶው ከመጨመሩ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ማዞር ይገባል። ከዚያ የባልዲውን ሲሶ በረዶ ብቻ ሞልተው፣ ከዚያ በላይ አንድ ድርብ ጨው አንድ ድርብ በረዶ እያፈራረቁ ከጣሳው ክዳን ትንሽ ዝቅ እስኪል ይደርድሩ። አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ቢጨመርበት መቅለጡ ቶሎ ይጀምራል። ባልዲው የጨው ውኃ ማንጠባጠቡ ስለማይቀር ከሥሩ ሰፋ ያለ ትሪ ይኑር።

መናጥ

የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች በዝግታ፣ ነገር ግን ያለማቋረጥ ያዙሩ። ከቆመ ግድግዳው ላይ የያዘው በረዶ ይወፍራል። በዚህ ጊዜ እጀታው ቀላል ነው፤ የሚሰማውም በውስጥ የፈሳሹ መንቦጫቦጭ፣ በውጭ የበረዶው መንኳኳት ነው። ትንሽ ቆይቶ የውስጡ ድምፅ እየታፈነ ይሄዳል፣ ክንድም ክብደት ይሰማዋል። ይህን ምልክት ሲያገኙ ፈጠን ይበሉ፤ አየሩ የሚገባው፣ ገና በመሠራት ላይ ያሉት ቅንጣቶችም ሳያድጉ የሚፋቁት አሁን ነው። በረዶው ሲወርድ በዚያው ልክ በረዶና ጨው ይጨምሩ።

የጎኗ ቀዳዳ እዚህ ላይ ሥራዋን ትጀምራለች። የቀለጠው የጨው ውኃ ወደ ጣሳው ክዳን ደርሶ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በእሷ ይወጣል። በስባሪ በረዶ እንዳትደፈን አልፎ አልፎ በቀጭን እንጨት ይጎርጉሯት። ውኃውን ግን ሆን ብሎ ሙሉ በሙሉ ማፍሰስ ስሕተት ነው፤ የጣሳውን ግድግዳ በሁሉም በኩል የሚነካው ስባሪው ሳይሆን ውኃው ነውና።

ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ እጀታው አልዞር ማለት ይጀምራል። ያን ጊዜ ያቁሙ። ጉልበት ስላለ ብቻ መቀጠል ጥሩ አይደለም፤ ክሬም ከመጠን በላይ ሲናጥ ቅቤ ይወጣዋል፣ ቅቤው አንዴ ከወጣ ደግሞ ተመልሶ አይገባም። ፍራፍሬና የመሳሰለውን መጨመር የሚፈልግ ሰው ከማቆሙ ሁለት ደቂቃ በፊት ይጨምር። ትኩስ ፍራፍሬ ከሆነ ግን ውኃው ወደ ጠጣር በረዶነት ስለሚለወጥ አስቀድሞ በስኳር ተቀቅሎ የቀዘቀዘ መሆን አለበት።

ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት በረዶውን ከጣሳው አፍ በታች ድረስ ያንሱና ክዳኑንና ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ ለመቅመስ ስጣደፍ ይህን ረስቼ፣ በክዳኑ ጠርዝ ላይ የነበረ አንድ ማንኪያ የማይሞላ የጨው ውኃ ሲንጠባጠብበት ጣሳ ሙሉ አይስክሬም ለመጣል ተገድጃለሁ።

ማጠጠር

ከመናጫው የወጣው አይስክሬም ከ0 በታች 5 ወይም 6 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ለስላሳ ነው፤ እንዲሁ ቢበላም ይጣፍጣል። ጠንከር ያለ ለሚፈልግ ሰው መቅዘፊያውን አውጥቶ በላዩ የቀረውን ወደ ጣሳው መፋቅ፣ አይስክሬሙን በማንኪያ ወደ ታች ጠቅጠቅ ማድረግ፣ የክዳኑን ቀዳዳ በቡሽ መድፈንና ጣሳውን ወደ ባልዲው መመለስ ነው። የጨው ውኃው ተደፍቶ አዲስ በረዶ፣ አሁን ለ4 እጅ በረዶ 1 እጅ ጨው በመያዝ፣ ይሞላል። መቅዘፊያ ስለሌለ ከእንግዲህ ቅዝቃዜው ቢበረታ አይጎዳም። ባልዲው በወፍራም ጨርቅ ተሸፍኖ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይቀመጥ። ፍሪዘር ያለው ሰው ጠፍጣፋ ዕቃ ውስጥ ገልብጦ፣ ገጽታውን ላስቲክ አልብሶ፣ ከ0 በታች 18 ዲግሪ ላይ ቢያስቀምጠው ይህ ሁሉ ይቀርለታል።

አርባ ደቂቃ ተናጦ አልጠጥር ያለ ፈሳሽ ካጋጠመ መጀመሪያ ጨው መጨመር፣ ቀጥሎ በረዶው ጣሳውን እስከ ላይ መክበቡን ማየት ይገባል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ስኳሩ በዝቷል፣ ወይም መጠጥ ተጨምሮበታል ማለት ነው፤ አልኮልም እንደ ስኳር መጠጠርን ያዘገያል።

በባልዲው ውስጥ ያለው ውኃ ከተራ በረዶ እጅግ የቀዘቀዘ ስለሆነ እጅን አስገብቶ ማቆየት ቆዳን ይጎዳል፤ ጓንት ያድርጉ። ውኃውንም ጨዉ ሥር ስለሚያደርቅ ተክል ባለበት ቦታ አይድፉት። ጨው ብረት ስለሚበላ ጣሳው፣ ማርሹና እጀታው በዚያው ሰዓት በሞቀ ውኃ ታጥበው በደንብ ይድረቁ፤ ማርሹ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ የምግብ ዘይት ይንካው። የእንጨቱን ባልዲ ግን ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ሥር ደፍተው ያድርቁት።