ዳሽቦርድ ወደ ስልክ ስታወርዱ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ለሐኪምም ለሥራ አስኪያጅም ዳሽቦርድን፣ ማለትም የዳታ ትንተናን በቁጥርና በቻርት የሚያሳይ ገጽን፣ በስልክ የሚያቀርቡ አፖችን ስገመግም የሚገጥሙኝ ስህተቶች ከቦታ ቦታ ብዙም አይለያዩም። ሠሪዎቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም፤ አብዛኞቹ ጎበዝ ፕሮግራመሮች ናቸው። የሚዘነጉት ቁጥሩ የት እንደሚነበብ ነው። ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ሰው ቁጥሩ ካጠራጠረው ሌላ ገጽ ከፍቶ ያጣራል። ስልክ የያዘው ግን ደረጃ እየወጣ፣ ስብሰባ መሃል ወይም ታካሚ አልጋ አጠገብ ቆሞ አንዴ አየት ያደርግና ያየውን ይዞ ይሄዳል።

የዴስክቶፑን ገጽ አሳንሶ መጫን

ይህን አልፈነዋል ብዬ ነበር፤ አላለፍነውም። አሥራ ሁለት ቻርት ያለውን ገጽ አጥብባችሁ ስልክ ላይ ስትጭኑ አንባቢው በሁለት ጣት እየለጠጠ አንዷን ቁጥር ፍለጋ ይባዝናል። አንድ ገጽ ለአንድ ጥያቄ ይመልስ። የሚነካ ነገር ሁሉ ጣት የሚያህል ቦታ ይኑረው፦ የአፕል መመሪያ 44 በ44 ፖይንት፣ የጎግሉ ደግሞ 48 በ48 ዲፒ ይላል (ሁለቱም የስክሪን መለኪያዎች ናቸው)። በማውስ ጠቋሚ ብቻ ብቅ የሚል ማብራሪያ ስልክ ላይ እንደሌለ ቁጠሩት።

“ከ2 ደቂቃ በፊት ታድሷል”

ምኑ ነው የታደሰው? እዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም። ይህ ጽሑፍ በየአፑ ጥግ ተለጥፎ አያለሁ፤ የሚናገረው ግን አፑ ከሰርቨሩ ጋር መቼ እንደተገናኘ ብቻ ነው። ሰርቨሩ ራሱ ዳታውን ከዋናው ሲስተም የቀዳው ሌሊት ሊሆን ይችላል። አንድ የላብራቶሪ ውጤት ቢያንስ አራት ሰዓቶች አሉት፦ ደሙ የተቀዳበት፣ ውጤቱ የጸደቀበት፣ ወደ ትንተናው ቋት የገባበትና ስልኩ ያወረደበት። ሐኪሙ የሚፈልገው የመጀመሪያውን ነው፤ እናንተ የምታሳዩት የመጨረሻውን።

አንድ ሆስፒታል ውስጥ ያየሁት ይኸው ነው። ተረኛው ሐኪም ማታ ስልኩን ሲከፍት የአንድ ታካሚ ፖታሲየም 6.3 ሚሊሞል በሊትር ይላል። ከፍ ያለ ነው፤ ልብን ያውካል። ከሥሩ “አሁን ታድሷል” የሚል ተጽፏል። መድኃኒት ሊያዝ ሲል ነርሷ፣ “ዶክተር፣ ይሄ እኮ የጠዋቱ ነው፤ ታክሞበታል፤ ሁለተኛ ናሙናም ልከናል” አለችው። ፖታሲየም ለማውረድ የሚሰጠው ኢንሱሊን ስኳርንም ያወርዳል፤ ሳያስፈልግ ሲደገም ምን እንደሚያስከትል ለሐኪም አይነገርም። አፑን የሠራው ቡድን ሲጠየቅ መልሱ “ቦታ ስለጠበበን ሰዓቱን አወጣነው” ነበር።

የሚያናድደው ደግሞ ዳታው ጊዜውን ይዞ መምጣቱ ነው። ፋየር (FHIR) በተባለው የጤና መረጃ መለዋወጫ ስታንዳርድ፣ ምርመራው የሚመለከተው ጊዜና ውጤቱ የወጣበት ጊዜ ለየብቻ ነው የሚቀመጡት። ውጤቱ ጊዜያዊ፣ የመጨረሻ፣ የታረመ ወይም በስህተት የገባ መሆኑን የሚናገርም የራሱ ቦታ አለው። እነዚህን ቆርጣችሁ የምትጥሉት እናንተ ናችሁ። ቦታ ከጠበበ አርማውን አውጡት።

በቢዝነሱም በኩል ነገሩ ያው ነው። አንድ ሥራ አስኪያጅ ረፋድ ላይ ስልኩን ሲከፍት “ሽያጭ ከትናንቱ በ70 በመቶ ቀንሷል” የሚል ቁጥር ከነቀይ ቀስቱ ጠበቀው። ለቅርንጫፍ ኃላፊዎቹ በሙሉ የቁጣ መልእክት ላከ። ትናንት የተባለው ሙሉ ቀን ነው፤ ዛሬ የተባለው ገና መጀመሩ ነው። ያልሞላን ቀን ከሞላ ቀን ጋር አታወዳድሩ፤ የትናንቱን እስከዚያው ሰዓት ያለውን አውጡና በዚያ ለኩ።

ደግሞም “በየአምስት ደቂቃው ይታደሳል” ብላችሁ ቃል አትግቡ። አንድሮይድ ከ6.0 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ፣ ስልኩ ሳይነካ ከቆየ የአፖችን የጀርባ ሥራና የኔትወርክ ግንኙነት ይገታል። አይፎንም መቼ እንደሚያድስ የሚወስነው ራሱ ነው። ያረጀ ቁጥር ደብዝዞ ወይም ዕድሜው ተጽፎበት ይታይ፤ ትኩስ መስሎ አይቀመጥ።

ለሁሉም ነገር ማንቂያ መላክ

ጀማሪዎች ማንቂያ ይወዳሉ፤ አፑ ሕያው መሆኑን ያሳይላቸዋል። የአሜሪካ ሆስፒታሎችን ጥራት የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ ሕክምና መሣሪያዎች ማንቂያ ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ከሚጮኹት ከ85 እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት የሕክምና እርምጃ የማይጠይቁ እንደሆኑ ገልጾ ነበር። ከጥር 2009 እስከ ሰኔ 2012 እ.ኤ.አ. ሪፖርት ከተደረጉለት 98 ከማንቂያ ጋር የተያያዙ አደጋዎች 80ዎቹ በሞት ያለቁ ናቸው። ጩኸት የለመደ ጆሮ ዋናውንም ያልፈዋል። እናንተ በዚያ ላይ በሐኪሙ ኪስ ያለውን ስልክ ጨመራችሁበት።

ሌላው ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ አስቸኳይ ውጤትን በፑሽ ኖቲፊኬሽን፣ ማለትም ስልኩ ላይ ብቅ በሚል ማሳወቂያ፣ ልኮ “ደርሷል” ብሎ መተኛት። አፕልም ጎግልም በዚህ መንገድ የተላከ ሁሉ ይደርሳል ብለው ዋስትና አይሰጡም። ስልኩ ጠፍቶ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ወይም ማሳወቂያው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ለሕይወት የሚያሰጋ ውጤት “አይቻለሁ” የሚል ምላሽ ይጠይቅ፤ በተወሰነው ደቂቃ ምላሽ ካልመጣ ወደ ሁለተኛው ሰው ይሂድ፤ እሱም ዝም ካለ የስልክ ጥሪ ይደረግ። የሽያጭ ዕቅድ ተሳካ የሚለው ማሳወቂያ እስኪነጋ ቢቆይ ማንም አይጎዳም።

የታካሚ ስም በተቆለፈ ስክሪን ላይ

“አዲስ ውጤት አለ” በቂ ነው። ስሙ፣ ምርመራውና ቁጥሩ አፑ ተከፍቶ፣ ባለቤቱ ማንነቱን ካረጋገጠ በኋላ ይታዩ።

“ስም አውጥተናል” የሚል መልስም ይሰጠኛል። የመረጃ ምስጢራዊነት ተመራማሪዋ ላታንያ ስዊኒ እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳሳየችው፣ የፖስታ ኮድ፣ የትውልድ ቀንና ጾታ ብቻ ሲጣመሩ 87 በመቶ የሚሆነውን የአሜሪካ ሕዝብ ለይቶ ለማወቅ ሳያስችሉ አይቀሩም። የእናንተ አፕ ደግሞ ቻርቱን እየነኩ ወደ ታች መውረድ ይፈቅዳል፦ ክፍል፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ምርመራ። አራተኛው ንክኪ ላይ የቻርቱ ዓምድ አንድ ሰው ብቻ ይሆናል፤ በዚያ ክፍል የሚሠራ ሁሉ ማን እንደሆነ ያውቃል። ቁጥሩ ከተወሰነ ልክ ሲያንስ ደብቁት፤ ከድምሩ ተቀንሶ እንዳይገኝም ተጠንቀቁ።

የመለኪያ አሃድ የሌለው ቁጥር

የደም ስኳር “7” ቢል ምን ማለት ነው? በሚሊሞል በሊትር ከሆነ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ በጾም የተለካ ከሆነ የስኳር ሕመም መለያው ወሰን ላይ ነው። በሚሊግራም ከሆነ ደግሞ ሰውየው በሞት አፋፍ ላይ ነው። የሁለቱ ልዩነት 18 እጥፍ ነው። አሃዱ ከቁጥሩ አይለይ።

ነጥቦቹንም ጠብቁ። 0.5 ከፊቱ ዜሮ ካጣ ነጥቧ ሳትታይ 5 ሆኖ ይነበባል፤ የመድኃኒት መጠን ሲሆን 1.0 ተብሎ የተጻፈውም 10 ሊመስል ይችላል። ሣጥኑ ውስጥ ያልበቃ ቁጥር በሦስት ነጥብ ተቆርጦ ሲታይ ያየሁበት አፕ ግን ይበልጣል፤ “12…” ምን እንደሆነ ሠሪዎቹም መልስ አልነበራቸውም።

በአጭሩ የማልፋቸው

ያልገባ ዳታ ዜሮ አይደለም፤ ባዶውን ባዶ አድርጋችሁ አሳዩት።

“የሞት መጠን 67 በመቶ” ካላችሁ ከሦስት ታካሚዎች ሁለቱ መሆናቸውን አጠገቡ ጻፉ።

ቀይና አረንጓዴ ብቻቸውን ትርጉም አይሸከሙ፤ በሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ከ12 አንዱ ገደማ ቀለም የመለየት ችግር አለበት፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ዝርያው ምንም ቢሆን አያይም።

ሁለት መቶ ሺህ መስመር ጥሬ ዳታ ወደ ስልክ አታውርዱ፤ ሰርቨሩ ላይ ደምሩና ውጤቱን ላኩ። ባትሪውም ይተርፋል፤ ስልኩ ሲጠፋም አብሮት የሚጠፋው ትንሽ ይሆናል።

ስክሪኑን ማመን

የራጅ ወይም የሲቲ ምስል የምታሳዩ ከሆነ ሁሉም ስልክ አንድ ዓይነት ብርሃን የለውም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ሞባይል ኤምአይኤም የተባለውን የምስል መመርመሪያ አፕ ሲፈቅድ፣ የሕክምና መመልከቻ ኮምፒውተር በማይገኝበት ጊዜ እንዲያገለግል ነበር። አፑ ውስጥ የንጽጽር ፈተና አለ፦ ስክሪኑ ላይ በትንሹ የተለየ ድምቀት ያለውን ቦታ ተጠቃሚው ካላገኘው፣ ያለበት ብርሃን ጥቃቅን ልዩነቶችን ለማየት አይመችም ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡ ስንት አፖች ይህን እንኳ አያደርጉም።

ስክሪንሾት አይነሳም ብሎ ማሰብ

ይነሳል። በደቂቃ ውስጥም የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ቀኑ፣ አሃዱና የተጣራበት መስፈርት ከቻርቱ ውጭ ባለ ሜኑ ውስጥ ተደብቀው አይቅሩ፤ ምስሉ ውስጥ ይግቡ፤ አለዚያ የባለፈው ወር ግራፍ የዛሬ ሆኖ ይዞራል። የታካሚ መረጃ ባለበት ገጽ ላይ አንድሮይድ ስክሪንሾትን መከልከል ያስችላል፤ ከልክሉ። ሐኪም ከሐኪም ጋር የሚማከርበትን ማጋሪያ ግን እዚያው አፑ ውስጥ አዘጋጁ። አንድ ቦታ ከልክለው ምትኩን ስላልሰጡ፣ ሐኪሙ የባልደረባውን ስልክ ተቀብሎ የራሱን ስክሪን ፎቶ ሲያነሳ አይቻለሁ፤ የታካሚው ስም ከነካርድ ቁጥሩ ጥርት ብሎ ወጥቷል።