ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ስትሄዱ ገጠር ያደገ ሰው ይዛችሁ ሂዱ

ወዳጆቼ «ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ልንሄድ ነው፣ ምን እንያዝ?» ሲሉኝ መልሴ አንድ ነው፤ እናታችሁን፣ አክስታችሁን፣ ካልሆነም ገጠር ያደገ ጎረቤታችሁን ያዙ። እኔ እማዬን ነው የምወስዳት። ያደገችው መንዝ ነው፤ እኔ ስሙን ከሰሌዳ የማነበውን ዛፍ እሷ ከሩቅ ታውቀዋለች።

ማዕከሉን የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አብረው ያቋቋሙት ሲሆን ስፋቱ ከ700 ሄክታር በላይ ነው። በአንድ ቀን ለማዳረስ አትሞክሩ።

ምርጡ ጊዜ መስከረምና ጥቅምት ነው፤ ጭቃው ይጠነክራል፣ አደይ አበባም አለ። አንድ ሐምሌ ሶሉ ያለቀ ጫማ አድርጌ ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራትቼ መዳፌ ተልጧል። የሚይዝ ጫማ አድርጉ። ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ጠዋት ይበርዳል፣ ዳገቱም ትንፋሽ ያሳጥራል። ሹራብ፣ ውሃና ቆሎ ይበቃችኋል። ከአዛውንት ጋር ከሆናችሁ በእነሱ እርምጃ ሂዱ።

መጀመሪያ ጽዱን ተመልከቱ። ብዙ ሰው የሐበሻውንና የፈረንጁን ጽድ ይቀላቅላል። ፍሬውን እዩ፦ የሐበሻው ትንሽ፣ ክብና ሰማያዊ ነገር ነው፤ የፈረንጁ ግን እንደ እንጨት የደረቀና የተሰነጣጠቀ ነው። ከዚያ ባሕር ዛፍ ሥር ቆማችሁ መሬቱን እዩ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የማገዶ እጥረት ሲበረታ የመጣ ዛፍ ነው፤ ከተማዋን አሙቋታል፣ አልክድም። ነገር ግን ሥሩ ከደረቀ ቅጠል በቀር ብዙ ነገር አታገኙም። አገር በቀሉ ዛፍ ሥር ስትመለሱ ልዩነቱ ይገባችኋል።

ዳማከሴ ስታዩ አትቅጠፉ፤ ቅጠሉን በጣት ዳበስ አድርጋችሁ ጣታችሁን አሽትቱ። ልጄ እንዲህ ካሸተተች በኋላ ነው አያቷ ምች ሲመታት ለምን ቅጠል እንደምታሽላት የገባት።

ኮሶውን ግን በችኮላ አትለፉት። ኮሶ ወንዴና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ነው። አበባ ላይ ካገኛችሁት፣ ቀላ ያለውና የተንዠረገገው ሴቴው ነው፤ ለመድኃኒት የሚፈለገውም እሱ ነው። ጥሬ ሥጋ ለሚወድ አገር የኮሶ ትል መድኃኒቱ ይኸው ነበር። በቤታችሁ እንዳትሞክሩት፣ ኃይለኛ ነው።

እማዬ ግንዱን በመዳፏ እየዳበሰች፣ አባቷ ኮሶ በጠጡ ቀን ቤቱ ጸጥ እንዲል ልጆቹ ሁሉ ከብት ይዘው ይወጡ እንደነበር ነገረችን። ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ልጄ ጥያቄ አበዛች፣ እማዬም ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ አንድ ሰዓት ያህል ከዛፉ ሥር አልተነሣንም። ስለዚህ ሌላ የምታዩት ካለ አስቀድማችሁ እዩና ኮሶውን ለመጨረሻ አቆዩት።