ጾም ላይ ሩጫው እምቢ ሲል ችግሩ የቱ ጋ ነው?

በ2018 ሁዳዴ የካቲት 9 ገባ፣ ረመዳንም እዛው ሳምንት ውስጥ፣ ስለዚህ እኛ የሩጫ ግሩፕ ውስጥ የማይጾም ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነበር። ሁሉም "ስጋ ስላልበላሁ ነው የደከመኝ" ይላል። እኔ ባየሁት ግን ስጋው ብዙም ጥፋት የለበትም፣ ጥፋቱ ያለው ሰዓቱና የሚበላው መጠን ላይ ነው፣ ሴትና ወንድ ላይ ደግሞ በተለያየ መንገድ ነው የሚወጣው።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ እግር እንጨት ሲሆን

ጠዋት 12 ሰዓት ኮሮኮንች ላይ 25 ኪሎሜትር ትሮጥና እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳትቀምስ ትውላለህ፣ ጡንቻህ ውስጥ ያለው ግላይኮጅን (ለጉልበት የተቀመጠው ስኳር) አልቋል፣ የሚተካው ነገር ደግሞ ከስንት ሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። 9 ሰዓት ላይ እንጀራ በሽሮ ስትበላ ሆድህ ቶሎ ይነፋል፣ ጠገብኩ ብለህ ትነሳለህ፣ በቃ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጎደለህ ትሄዳለህ። መፍትሄው ጠዋት ኢዚ፣ ማለትም ቀስ ያለ ሩጫ ብቻ ማድረግ (ወይ ማረፍ)፣ ከባዱን ልምምድ 8 ሰዓት ላይ ጀምሮ 9 ተኩል ላይ መጨረስና እዛው ሜዳ ዳር በሶ መጠጣት ነው። እኔ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነው የምበጠብጠው፣ ውሃው ቀድሞ ይገባል፣ አለዚያ ስሩ ላይ ይጓጉልና ስትመታው ብትውል አይለቅም፣ ከዛ በሶ፣ ስኳር፣ ጨው በቁንጥጫ። 11 ሰዓት ላይ ዋናውን ምግብ፣ ማታ ደግሞ ፓስታ ወይ ሩዝ ወይ ዳቦ በለውዝ ቅቤ። በረመዳን ስፒዱ (የፍጥነት ልምምዱ) ካፈጠሩ በኋላ ምግቡ ወረድ ሲል ነው፣ ማታ ውጭ ካልተመቸ ትሬድሚል አለ።

ራስ ምታትና ብድግ ሲሉ ማዞር

የውሃ ማነስ ነው። ማታ አንዴ መጋት ሳይሆን እስኪተኙ ወይ እስከ ሱሁር ማከፋፈል፣ ሽንት ጠዋት እንደ ሻይ ከጠቆረ ያን ቀን ስፒድ የለም።

ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲያጥር

አንዲት ልጅ ነበረች፣ እንጦጦን ከኛ እኩል የምትወጣ፣ የጾሙ እኩሌታ ላይ ከኋላ መቅረት ጀመረች፣ አሰልጣኟ "ሰነፍሽ" ይላታል። ስትመረመር የደም መጠኗ ደህና ነው፣ ፌሪቲኗ ግን ወርዷል፣ ማለትም ሰውነቷ ያስቀመጠው ብረት ሊያልቅ ነው። ከፍታ ላይ ሰውነት ቀይ የደም ሴል በብዛት ስለሚሰራ ብረት ይበላል፣ ወር አበባም ይወስዳል፣ ከእህል የሚገኘው ብረት ደግሞ በደንብ አይመጠጥም። ወር አበባ የምታይ አዋቂ ሴት በቀን 18 ሚሊግራም ወንድ 8 ያስፈልገዋል የሚባለውም በዋናነት በወር አበባው የተነሳ ነው። "ጤፍ ብረት አለው እኮ" ትሉኛላችሁ፣ አለው፣ ግን ከፊሉ አውድማ ላይ የተቀላቀለ አፈር ነው። የሷ ትልቁ ጥፋት ምግቡ ላይ ሻይ ማስከተሏ ነበር። ሻይና ቡና ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ፣ ምስሩ ላይ ሎሚ የተጨመቀበት ቲማቲምና ቃሪያ ይኑር። ኪኒን ከምርመራ በኋላ ብቻ፣ በተለይ ወንዶች እሷ ስለዋጠች አትዋጡ፣ የተረፈ ብረት ጉበት ላይ ይከማቻል።

ወር አበባ ሲቀር

ብዙ ሴት ሯጮች "ተገላገልኩ" ይላሉ፣ እህቴ ግልግል አይደለም። የምትበይው ለሩጫው አልበቃ ሲል ሰውነት ቶሎ ከሚዘጋቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው፣ ቀጥሎ አጥንት ይሳሳል፣ ከዛ ቅልጥምሽ ላይ ስንጥቅ። ወንዱም አያመልጥም፣ ቴስቶስትሮን ይወርዳል፣ ጠዋት ጠዋት የነበረው ነገር ሲጠፋ ምልክቱ እሱ ነው፣ ግን ማን ለአሰልጣኝ ያወራል! ኪሎሜትሩን ቀንሱ፣ ምግቡን ጨምሩ፣ ካልተመለሰ ሐኪም። የምግቡን ጾም ይዞ ሰዓቱን ማሳጠር ይቻል እንደሆነ የንስሐ አባትን መጠየቅ ነው፣ ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ። ሙስሊም እህቶች ወር አበባ ላይ ስለማይጾሙ (በኋላ ያወጡታል) ሰውነታቸው ከፈቀደ ከባዱን ልምምድ እዛ ቀናት ላይ ማድረግ ይችላሉ።

ፋሲካ ማግስት ሆድ ሲረበሽ

55 ቀን ሽሮ የለመደ ሆድ ላይ ሌሊት ዶሮ፣ ጠዋት ክትፎ፣ ሰኞ ሎንግ ራን (ረጅሙ ሩጫ)፣ ከዛ ቁጥቋጦ ፍለጋ። ሁለት ቀን ኢዚ፣ ሎንጉ ረቡዕ ይሁን።