ለቅርስ ገንዘብ ስታሰባስቡ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ቅርስ ለማዳን የሚነሱ ማህበራት አብዛኛውን ጊዜ የሚቸገሩት ጥገናው ካለቀ በኋላ ነው። ብሩ ያልቃል፣ ህንጻው ግን ይቀራል።

ትልቁ ስህተት የጥገናውን ዋጋ ብቻ አስልቶ መነሳት ነው። ታሪካዊ ቤቶችን የሚንከባከበው የእንግሊዙ ድርጅት ናሽናል ትረስት የመጀመሪያውን ቤት የገዛው በ1896 እ.ኤ.አ. ነው። አልፍሪስተን በምትባል መንደር የሚገኝ ሣር ክዳን የቄስ ቤት ሲሆን ዋጋው 10 ፓውንድ ብቻ ነበር። ለማደስ የወጣው ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ሣሩም በየጊዜው መቀየር አለበት። ዛሬ ድርጅቱ ታሪካዊ ቤት በስጦታ ሲመጣለት ዝም ብሎ አይቀበልም። የቾርሊ ቀመር በሚባል ስሌት የወደፊቱን ወጪ ይተምናል። ከቤቱ ጋርም ዋናው ሳይነካ በትርፉ ብቻ የሚሠራበት ቋሚ ፈንድ ይፈልጋል።

እኛ ጋ ከጥገናው በኋላ ላለው እንክብካቤ ብር መጠየቅ ያሳፍራል መሰለኝ። አሸንዳ ለማስጠረግ ማን ይለግሳል? ሪባን አይቆረጥለትም። ግን በቅጠል የተደፈነ አሸንዳ የክረምቱን ውሃ ወደ ግድግዳው ይመልሰዋል። ልስኑ ያብጣል፣ ይረግፋል፣ ጭቃው ይታጠባል። ጥቂት ብር ይበቃው የነበረው ሥራ እንደገና ሚሊዮን ይጠይቃል። ስለዚህ ከሚሰበሰበው ላይ ለዓመታዊ እንክብካቤ የሚውለውን ከመጀመሪያው ለይታችሁ አስቀምጡ።

ለጋሽ ሲገኝ ውሉን ሳያዩ መፈረምም አለ። ላሊበላ ላይ በአውሮፓ ህብረት ገንዘብ በ2008 እ.ኤ.አ. ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ የቆሙት የዝናብ መጠለያዎች ለጊዜው የታሰቡ ነበሩ። ከ10 ዓመት በኋላ የከተማው ሰው ብረቱ አብያተ ክርስቲያናቱ ላይ ይወድቃል ብሎ ሰልፍ ወጥቷል። ማን ይከታተለዋል? መቼ ይነሳል? በማን ብር? እነዚህ ውሉ ላይ ይጻፉ።

የልመናውን ቃል አጥብቦ መጻፍም ኋላ ያስቸግራል። የፓሪሷ ካቴድራል ኖትርዳም በ2019 እ.ኤ.አ. ስትቃጠል ከ800 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተዋጣ። ብሩ ለእሷ ብቻ ስለተሰጠ ለሌሎች የተጎዱ የፈረንሳይ አብያተ ክርስቲያናት ሊውል አልቻለም። «ከተረፈ ለሌላ ጥገና እናውለዋለን» የምትል አንዲት መስመር ጨምሩ።

«እያንዳንዷ ሳንቲም ለቅርሱ ነው» ብላችሁም ቃል አትግቡ። የሒሳብ ሠራተኛና ኦዲተር በነጻ አይሠሩም። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 እስከ 20 በመቶ ለአስተዳደር ወጪ ይፈቅዳል። በግልጽ ተናገሩት፣ ሰው ይረዳል።

የጎብኚ ትኬትን ብቻ መተማመን ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ኮሮናና የሰሜኑ ጦርነት አሳይተውናል። ናሽናል ትረስት ከ5 ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት። የእናንተ 100 ቢሆኑም ችግር የለውም። በየወሩ በቴሌብር ትንሽ ትንሽ ይክፈሉ፣ እናንተም ደረሰኙንና የተሠራውን ሥራ ፎቶ ሳታዘገዩ ላኩላቸው።